ዝም ያለ ልጅ ሁሉ በደንብ ያያል ማለት አይደለም

ልጅ ሆዱን ሲያመው ያለቅሳል። ጥርሱን ሲያመው ቤቱን ያምሳል። ዓይኑ በደንብ ሳያይ ሲቀር ግን ምንም አይልም። ዕይታው ወይ ከመጀመሪያውም ብዥ ያለ ነው፣ ወይ ቀስ በቀስ ነው የደከመው። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንደሱ የሚያይ ይመስለዋል።

"ቢቸግረው ይነግረን ነበር" የሚለው የወላጆች መጽናኛ እዚህ ላይ አይሠራም። ሰሌዳው የማይታየው ተማሪ ከጎኑ ካለው ልጅ ደብተር ይገለብጣል። ሲሰለቸው ያወራል፣ ይረብሻል። መምህሩ "ትኩረት የለውም" ይላል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ "ሰነፍ" ይባላል። ዓይኑን የሚጠረጥር የለም።

የሚያናድደው፣ አብዛኛው ችግር በመነጽር የሚስተካከል መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በምዕራብ ቻይና የተካሄደ ጥናት መነጽር የሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች በነፃ ሲሰጣቸው የሒሳብ ውጤታቸው እንደተሻሻለ አሳይቷል። ልጆቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው የሚያዩት ነገር ነው።

"መነጽር ዓይን ያሰንፋል" የሚለው ወሬ ግን አሁንም አለ። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ትንሽ ልጅ አንዱ ዓይኑ ደክሞ ሳይታከም ከቆየ፣ አንጎሉ ከዚያ ዓይን የሚመጣውን ምስል ችላ ማለት ይለምዳል። ሐኪሞች ሰነፍ ዓይን የሚሉት ይህን ነው። ሕክምናው ይበልጥ የሚሠራው በልጅነት፣ በተለይ ከ7 ዓመት በፊት ነው። ሸውራራነትንም "ሲያድግ ይተወዋል" ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። የዓይኑ ብሌን ላይ ነጭ ነገር ከታየማ ነገ ዛሬ ሳይባል ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

የሩቁን የማየት ችግር፣ ማለትም ማዮፒያ፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በትምህርት ዕድሜ ነው። በጉርምስናም ይጨምራል። እዚህ ላይ ሁሉም ጣቱን ስልክ ላይ ይቀስራል። እኔ ግን ስልክ ከመቀማት በፊት ልጁን ከቤት ማውጣት ይቀድማል ባይ ነኝ። በቻይናዋ ጓንግዡ አንደኛ ክፍል የገቡ ልጆች በትምህርት ቀናት 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ውጭ እንዲያሳልፉ ተደርጎ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ከእነሱ ማዮፒያ የያዛቸው 30 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ እንደ ወትሮው ከተማሩት ግን 40 በመቶ ገደማ ነበሩ።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶች ልጅ እስኪያማርር ሳይጠብቁ በየዓመቱ ሁሉንም ይመርምሩ። የመጀመሪያው ማጣሪያ የተለየ መሣሪያ አይጠይቅም። የምርመራ ሰንጠረዥና የተለካ ርቀት ካለ፣ የሠለጠነ መምህር ይበቃል። ፊደል ላልለየ ልጅም የምልክቶቹን አቅጣጫ በእጁ የሚያሳይበት ሰንጠረዥ አለ። ብቻ አንዱን ዓይን ሸፍኖ፣ ተራ በተራ ይሁን። አለዚያ አንድ ደህና ዓይን ያለው ልጅ ፈተናውን አልፎ ይሄዳል።

መርምሮ "መነጽር ያስፈልገዋል" የሚል ወረቀት ይዞ ወደ ቤት መላክ ብቻውን ግን ምርመራ አይባልም። መነጽሩ እጁ መግባት አለበት። ጎረምሶቹ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እንዳይቀለድባቸው ፈርተው ቦርሳ ውስጥ ይደብቁታል። ፍሬሙን ራሳቸው ይምረጡ፤ እኛ ባይጥመንም።