ኮከብ ቆጣሪው ተከራይ

ደብረ ብርሃን ላይ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሰፈሩ «ኤጭ!» ሲል እኔ «ተመስገን» እላለሁ። በሆዴ ነው ታዲያ። አከራዬ ከሰሙኝ በማግስቱ ቤት ፍለጋ መውጣቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሩቅ ሰማይ ፎቶ አንሺ ልሆን ተነሳሁ። ጨረቃን አይደለም፤ ጨረቃንማ ማንም በስልኩ ያነሳታል። እኔን ያማረኝ ኔቡላ የሚሉት የጠፈር ደመናና ጋላክሲ የሚሉት የከዋክብት መንጋ ነው። ቦታው ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ነው የምንኖረው። ከተማችን ስሟን ያገኘችውም ከሰማይ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሌሊት ሰማይ ላይ ብርሃን አይተው እዚህ ከተሙ ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር 1456 የሃሌ ኮሜት የሚሉት ጅራታም ኮከብ የታየበት ዓመት ነበርና፣ ብርሃኑ እሱ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ንጉሡ ብርሃኑን አይተው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። እኔ ዕቁብ ገባሁ።

ዕቁቡ በሰኔ ወጣልኝ። ምን ልገዛበት እንደሆነ ስናገር አባላቱ ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ፣ «ትልቁን ግዛ!»

ቴሌስኮፕ አይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ግን ትልቁን። እኛ አገር ምክር ማለት ይሄ ነው። አከራዬ ባለፈው ዓመት ሶፋ ሲገዙም ትልቁን ነው የገዙት። በበር አልገባ ብሎ መስኮት ተነቅሎ ገባ። አሁን ሳሎኑ ውስጥ የሚቀመጠው ሶፋው ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ቡና የሚጠጣው በረንዳ ላይ።

እኔም ብሆን አልዋሽም፣ መጀመሪያ የተመኘሁት መድፍ የሚያህለውን ነበር። ግቢው መሃል ተገትሮ፣ አላፊ አግዳሚው በአጥር ቀዳዳ «ምንድን ነው?» ሲል። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ቱቦው አይደለም ዋናው፤ እግሩ ነው። ባለሙያዎቹ ማውንት ይሉታል። የሩቅ ነገር ብርሃን ደካማ ስለሆነ ካሜራው ለደቂቃዎች ዓይኑን ከፍቶ መቆየት አለበት። መሬት ደግሞ አትጠብቅም፤ በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። እግሩ ሰማዩን እየተከተለ ካልዞረ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ፓስታ ይሆናል። ስለዚህ መቶ ብር ካለህ መጀመሪያ ሃምሳውን ለእግሩ አስቀምጥ ነው የሚሉት። ሃምሳ ብሩን ማንም ለማያየው ነገር! እንዲህ ያለ ምክር ዕቁባችን ውስጥ ቢነገር ተናጋሪው ይቀጣል።

ቱቦውስ? አፉ 70 ሚሊሜትር፣ አጭር፣ ባለ ጥሩ ሌንስ። አንድሮሜዳ የምትባለው ጋላክሲ ከኛ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ትርቃለች፤ ሰማይ ላይ ግን ወርዷ ስድስት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር ነው። በረጅሙ መድፍ ብታነሳት እምብርቷን ብቻ ይዘህ ትቀራለህ። በዚያ ላይ ረጅም ቱቦ የደብረ ብርሃን ንፋስ ሲነካው እንደ ሰንደቅ ነው የሚወዛወዘው።

ዕቃውን የአክስቴ ልጅ ከውጭ ይዛልኝ መጣች። ሻንጣዋ 23 ኪሎ ነው የሚፈቀድላት። እግሩና ቱቦው ገቡ፤ ሚዛን መጠበቂያው ብረት ጋ ስትደርስ እምቢ አለች። «አገር ቤት ብረት ይዤ ልግባ? የእማዬ ጫማስ?» እውነቷን ነው። ሰፈራችን ያሉ ጡንቸኞች የዱቄት ወተት ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልተው ነው ስፖርት የሚሠሩት። አንዱን ለምኜ መሃሉ ላይ ቧንቧ አስቀብሬ አስሞላሁ። የአምስት ኪሎ ሥራ ይሠራል።

ሐምሌና ነሐሴ ዕቃው አልጋ ሥር ተኛ። እኔ ላዩ ላይ ተኛሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አደረ።

መስከረም ሲጠባ ሌላ ጣጣ መጣ። እግሩ በሰሜን ኮከብ አቅጣጫ መስተካከል አለበት። መመሪያው የተጻፈው ለአውሮፓ ሰው ነው፤ «ወደ ሰሜን ዞረህ ቀና በል» ይላል። ቀና ብዬ ምን ላይ? እኛ ከምድር ወገብ 9.7 ዲግሪ ግድም ላይ ነን፤ ኮከቡም ከአድማሱ ከፍ የሚለው ያንኑ ያህል ነው። የጎረቤቴ ባሕር ዛፍ ወገብ ላይ ተቀምጧል። እግሩን ያን ያህል ዝቅ ሳደርገው ደግሞ የወተት ቆርቆሮዬ ከሥር ካሉት ሦስት እግሮች አንዱን ገጨ። ብየዳ ቤት ሄጄ አንድ ስንዝር ተኩል የብረት ቧንቧ ከመሃል ይግባልኝ አልኩ።

«የዲሽ ነው?» አለኝ በያጁ።

«አዎ።»

«ናይልሳት ነው ዓረብሳት?»

«አንድሮሜዳ» አልኩት። «አዲስ ነው እንዴ?» ብሎ በየደልኝ።

ካሳም አለው እንጂ። ለንደን ያለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከቤቱ የማያያቸው የደቡብ ሰማይ ጌጦች፣ ኦሜጋ ሴንታውሪና የካሪና ኔቡላ፣ እኛ ጋ ወቅታቸውን ጠብቀው ብቅ ይላሉ። የኛ ሰው ግን ሰማይ ላይ የሚፈልገው ሌላ ነው። ማታ ማታ ግቢ መቆሜ እንደተወራ አንዲት እናት ግማሽ ኪሎ ቡና ይዘው መጡ። የልጃቸውን ስምና የራሳቸውን ስም ነገሩኝ።

«ኮከቧን እይልኝ ልጄ። ሠላሳ ሞላት።»

«እማማ፣ እኔ ፎቶ ነው የማነሳው።»

«ይሁን፣ ፎቶዋን አመጣለሁ» አሉ።

ኅዳር ላይ ሰማዩ እንደ መስታወት ጠራ፤ ውርጩም ወረደ። ጤዛ እንዳይዘው ለሌንሱ በባትሪ የሚሠራ ማሞቂያ ቀበቶ አለው። እኔ ያለኝ የሱፍ ባና እና አንድ መለኪያ አረቄ ነው። ብዙ ፎቶ አንስቶ አንድ ላይ ማጋባት ነው ሥራው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀጭ፣ ቀጭ። ጎህ ሲቀድ ደግሞ የአቧራውና የጠርዙ ጥላ ከፎቶው እንዲወጣ የቱቦው አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥሮ ማንሳት አለ። የእናቴን ነጠላ አለበስኩት። አከራዬ ወደ ቅዳሴ ሲወጡ ደረሱብን። እኔን አዩ፤ ነጠላ የለበሰውን ቱቦ አዩ።

«ክርስትና ልታስነሳው ነው?»

ነጠላውን ስገፈው ደግሞ ጠጋ ብለው አዩትና ከንፈራቸውን መጠጡ። «ያ ሁሉ የዕቁብ ብር ለዚህ ፔርሙስ ነው?» ወሬው ከቅዳሴ በፊት ሰፈሩን ዞረ። እስከ ዛሬ ድረስ ባለ ፔርሙሱ ነኝ።

በሳምንቱ አጎቴ ከመንዝ በግ ሊሸጡ መጥተው እኔ ጋ አደሩ። ከእራት በኋላ ግቢ አወጣኋቸው። ቱቦውን ዘወር ብለውም አላዩት። ጎንበስ አሉ። ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው እግሩን በሁለት እጃቸው ጨበጡና ነቀነቁት። ንቅንቅ አላለም። ሲሚንቶውን መታ መታ አደረጉ፤ በብየዳው ላይ አውራ ጣታቸውን አሳለፉ፤ አንዴ ዞሩት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ የበሬ ገበያ ፈገግታ ነበር።

«ይሄስ ያርሳል» አሉኝ።