ካልሳቅህ አልገባህም?

«ካልሳቅህ አልገባህም ማለት ነው!» ይህቺ አባባል ጨጓራዬን ልትልጠው ነው።

ነገሩ የመጣው በ«ዘ ሊግ ኦፍ ጀንትልመን» ነው። ቢቢሲ 2 እንደ ፈረንጆቹ በ1999 የጀመረው ጨለም ያለ ኮሜዲ። ታሪኩ ሮይስተን ቬዚ በምትባል ምናባዊ የእንግሊዝ ከተማ ውስጥ ነው። እዚያ ባልና ሚስት የያዙት አንድ ጭር ያለ ሱቅ አለ። ሱቁ ለአገሬው ሰው ብቻ ነው። እንግዳ ከገባ በሰላም መውጣቱን እንጃ።

እኔ ነፍሴ ነው። ሦስት ተዋንያን ዊግ እየቀያየሩ ከተማውን ከሞላ ጎደል ይሸፍኑታል፤ ሴቱንም ወንዱንም።

ባለፈው ቅዳሜ ለጓደኞቼ ከፈትኩላቸው። ምነው እጄን በሰበረው! አንዱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አንዷ ትራስ አቅፋ «ይሄ ምኑ ነው የሚያስቀው? አጥፋልኝ!» አለች። ከዚያማ ጦርነት ሆነ። እሱ «ፋራ» ይላታል፣ እሷ «አንተ ጤነኛ አይደለህም» ትለዋለች። ቡናው ስኒ ውስጥ ቀዘቀዘ።

ኧረ በፈጠራችሁ! አስፈሪም አስቂኝም እንዲሆን ነው እኮ የተሠራው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች የተመልካች ሳቅ አብሮ ይሰማል። በ2002 በመጣው ሦስተኛው ግን የለም። ሠሪዎቹ ራሳቸው «እዚህ ጋ ሳቁ» ማለቱን ትተውታል። ታዲያ እናንተን የሳቅ ተቆጣጣሪ አድርጎ ማን ሾማችሁ?

ቀሪውን ብቻዬን ነው የማየው። በሩን ቆልፌ።