ማንም ሳያስነጥስ የተሠራ ቅመም

እናቴ ሂዩስተን ስትመጣ ከሁለቱ ሻንጣዎቿ አንዱ የሰው፣ አንዱ የቅመም ነበር። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ። የሰው በተባለው ሻንጣ ውስጥ እንኳ ነጠላዋ የተጠቀለለው የድልህ ብልቃጥ ላይ ነው። "እዚህ አገር ምን ይገኛል ብዬ!" አለች። ሂዩስተን ውስጥ የሐበሻ ሱቅ እንዳለ ስንቴ ነግሬያታለሁ። የሱቅ በርበሬ ግን ለእሷ በርበሬ አይደለም፤ ወሬ ነው።

በዚያው ሰሞን እኔም አዲስ አመል አውጥቼ ነበር። የካጁን ቅመም፣ የአሜሪካዋን የሉዊዚያና ግዛት ቀይ ቅመም፣ በገዛ እጄ ካልሠራሁ ብዬ ተነስቻለሁ።

ነገሩ የጀመረው ቢሮ ውስጥ ነው። አብሮኝ የሚሠራ የላፋየት ልጅ አለ። ላፋየት ሉዊዚያና ውስጥ ናት፤ ከሂዩስተን በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ልጁ ምሳ ዕቃውን ሲከፍት የእኔ ሳንድዊች ታፍራለች። አንድ ቀን አቀመሰኝና ተለከፍኩ። ሮጥ ብዬ ሱፐርማርኬት ሄድኩና "ካጁን" የሚል ብልቃጥ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ጀርባውን ሳነብ የመጀመሪያው ቃል ጨው ነው። እዚህ አገር የዕቃው ዝርዝር የሚጻፈው በክብደቱ ነው፤ ብዙው ፊት፣ ትንሹ ኋላ። ስለዚህ የገዛሁት ጨው ነው። ቀይ ቀለሙ ምርቃት መሆኑ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃዬን ደረደርኩ። ፓፕሪካ 3 የሾርባ ማንኪያ። የነጭ ሽንኩርት ዱቄት 2። የቀይ ሽንኩርት ዱቄት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ኦሬጋኖ፣ እንዲሁም ካየን የሚሉት የሚያቃጥለው በርበሬ አንድ አንድ። ነጭ ቁንዶ በርበሬና የደረቀ ጦስኝ ግማሽ ግማሽ። ጨው 1፤ እሱም ባይገባ ይሻላል። ጨው ምግቡ ላይ ለብቻው ሲገባ ነው ልኩ የሚታወቀው። ሁሉንም ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገለበጥኩና በሹካ አማሰልኩት።

እናቴ እጇን አጣጥፋ ቆማ ታያለች።

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"አለቀ።"

"ምኑ?"

"ቅመሙ።"

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየችው። አምስት ደቂቃ አልሞላም።

"ማን ቀነጠሰው? ማን አጠበው? ስጡ የታለ? ወፍጮውስ?" ወደ ሳህኑ ጎንበስ ብላ አሸተተች። "እንዲያው አንድ ሰው እንኳ ሳያስነጥስ! ልጄ፣ ይሄ ቅመም አይደለም።"

በእሷ በኩል ልክ ናት። እኛ ቤት በርበሬ የአንድ ሰሞን ሥራ ነበር። ዛላው በጆንያ ይመጣል። ጎረቤት ይጠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ቅንጠሳ ይጀመራል። በርበሬው ሲቀነጠስ የሰፈሩ ሰውም አብሮ ይቀነጠሳል። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ማንን እንዳገባ የሰማሁት ሁሉ በበርበሬ ሰሞን ነው። ከዚያ ይታጠባል፣ ይሰጣል። ደመና ብቅ ሲል "ስጡን! ስጡን!" ተብሎ ይሮጣል። ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይደለዛል፣ ደግሞ ይደርቃል፣ ይታመሳል። ያን ጊዜ ግቢው በሙሉ ይስላል፤ አጥር ተሻግሮ ጎረቤትም ይስላል። ወፍጮ ቤት ደግሞ "ከእኔ በፊት ምን ነው የተፈጨው?" የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ፖለቲካ ነው። ይህን ሁሉ ያለፈች ሴት አምስት ደቂቃ የፈጀ ነገር ቅመም ነው ብላት ትሰማኛለች?

የባሰው ረቡዕ መጣ። የእሷ በርበሬና የእኔ ካጁን ሁለቱም ባዶ የቡና ጠርሙስ ውስጥ ናቸው። ሁለቱም ቀይ። እናቴ መነጽሯን ሳታደርግ ምስር ወጥ ሠራች። ከሥራ ስገባ ቤቱ ጉንፋን ጉንፋን ይሸታል፤ ጦስኝ ነዋ! እኛ አገር ጦስኝ ሻይ ውስጥ የሚገባው ሰው ሲያስለው ነው። ሁለታችንም ዝም ብለን እየበላን፣ እሷ በአራተኛው ጉርሻ ላይ "ደረቴን ለቀቅ አደረገኝ" አለች። ይህ ምስጋና እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

እልህ ያዘኝ። ዓሣ ልሥራላት አልኩ፣ ብላክንድ የሚሉትን። ይህን ምግብ ዝነኛ ያደረገው ፖል ፕሩዶም የሚባል የኦፔሉሳስ አካባቢ ልጅ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1979 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ኬ ፖልስ የሚል ምግብ ቤት ከፈተ። ዓሣውን በቀለጠ ቅቤ ነክሮ፣ ቅመም አልብሶ፣ እንደ ፍም የጋለ የብረት መጥበሻ ላይ ጣል ማድረግ ነው። አገር ጉድ አለ። ሬድፊሽ የሚባለው ዓሣ ከመፈለጉ የተነሳ በ1980ዎቹ መንግሥት ማጥመዱን እስከ መገደብ ደረሰ። የአዲስ አበባ ክትፎ ቤቶች ይህን ያህል ዘመን ሠርተው በሬ ሊጨርሱ አልቻሉም፤ ይሄ ሰውዬ በአንድ መጥበሻ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ ሊያራቁተው ነበር።

ታዲያ ይህን ምግብ የሚያውቁ ሰዎች የሚመክሩት ውጭ፣ ነፋስ ላይ እንዲጠበስ ነው። የእኔ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ነፋስ የሚባል ነገር በመስኮቴ አልፎ አያውቅም።

ዓሣው መጥበሻው ላይ እንዳረፈ ጭሱ ተነሳ። የሚያቃጥለው በርበሬ ከጭሱ ጋር አብሮ ተነሳ። ዓይኔ ጠፋ። ጉሮሮዬ ተዘጋ። የእሳት መጠቆሚያው ጣሪያው ላይ መጮህ ጀመረ። እናቴ ነጠላዋን ከላይዋ ገፋ ወንበር ላይ ወጣች፤ እንደ ሰንደቅ ዓላማ እያውለበለበች ታራግባለች፣ በመሃል ትስላለች። ፊት ለፊት ያለው ጎረቤቴ በሩን ከፍቶ "ደህና ናችሁ?" ሊል አፉን ሲከፍት ማስነጠስ ቀደመው። ሦስት ጊዜ።

እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ፊቷ ላይ እዚህ አገር ከመጣች ያላየሁት ደስታ አየሁ።

"አሁን ገና ቅመም ሆነ!" አለች።

ይህን ባልደረባዬ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እናትህን ማውማው ጋ ማድረስ አለብን" አለኝ። ማውማው ማለት አያት ማለት ነው በነሱ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስታችን ወደ ላፋየት ነዳን። መንገድ ላይ እናቴ "እነዚህ ካጁን የሚባሉት ምናቸው ነው?" አለች። ነገርኳት። ዛሬ ካናዳ በሆነው አካዲያ በሚባል አገር የሚኖሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ለእንግሊዝ ንጉሥ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ማሉ ሲባሉ እምቢ አሉ። ከ1755 ጀምሮ በመርከብ እየተጫኑ ተበተኑ። ኋላ ብዙዎቹ ሉዊዚያና ረግረግ ዳር ሰፈሩ። አካዲያን ሲባል፣ ሲቆራረጥ፣ ካጁን ሆነ።

"ስደተኞች ናቸዋ!" አለች፤ ድምጿ ወዲያው ለሰለሰ። "ታዲያ ቅመማቸውን ይዘው ነው የመጡት?"

ከካናዳ ምን በርበሬ ይመጣል! ከሚበሉት ብዙውን ከጎረቤት ነው የለመዱት። ባሚያውን ከአፍሪካውያኑ። ጋምቦ የሚለው የወጡ ስም ራሱ ከአፍሪካ የመጣ የባሚያ መጠሪያ ነው። ወጡን የሚያወፍረውን የሳሳፍራስ ቅጠል ዱቄት ደግሞ ከአገሬው ነባር ከቾክቶ ሕዝብ ተማሩ።

ማውማው ምድጃቸው ፊት ቆመው ጠበቁን። ለእናቴ ሲሉ አሳማውን ትተው ጋምቦውን በዶሮ ብቻ ሊሠሩት ነው። ብልቃጤን እንደ ስጦታ ሰጠኋቸው። ከፈቱ፣ አሸተቱ።

"ኦሬጋኖ?" አሉኝ። ሳይጠራ ሠርግ ስለመጣ ሰው እንደሚጠየቀው። "ፒዛ ልትሠራ ነው?"

የእሳቸውን ቅመም አሳዩኝ። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀይ በርበሬ። በቃ። ይኸው ነው። ስምንት ዓይነት ዱቄት ስቆጥር የከረምኩት ሰውዬ ምን ልበል? እናቴ "ምን አሉ?" ስትል "ጎበዝ ነው አሉ" ብዬ ተረጎምኩ።

ማውማው ዱቄትና ዘይት እኩል አድርገው ከባድ ድስት ላይ ጣዱና ማማሰል ጀመሩ። ሩ ይሉታል። ነጭ ነበር፣ የኦቾሎኒ ቅቤ መሰለ፣ ከዚያ ዳማ ሆነ። እናቴ መቁነጥነጥ ጀመረች። "አረረባቸው እኮ! ንገራቸው እንጂ!" ቸኮሌት ሊመስል ሲቃረብ አልቻለችም፤ እጇን ዘርግታ እሳቱን ልታጠፋ ስትል ማውማው በእንጨት ማማሰያቸው ቸብ አደረጓት። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔና ባልደረባዬ ተያየን።

እናቴ ድስቱን አየች። ሴትየዋን አየች። ስልክ ቢጮህ እንደማያነሱ፣ በር ቢንኳኳ እንደማይከፍቱ አየች።

"ለካ ቁሌታቸው ነው" አለች ቀስ ብላ። ማማሰያውን ተቀበለቻቸውና ተራ ያዘች።

ከዚያ በኋላ አስተርጓሚነቴ የሚፈለገው አልፎ አልፎ ነበር፤ ባልተፈለገ ይሻል ነበር። ሽንኩርት፣ ሴለሪና የፈረንጅ ቃሪያ ተከትፈው ሲገቡ ባልደረባዬ "እነዚህን ሦስቱን ቅድስት ሥላሴ እንላቸዋለን" አለ። ተረጎምኩ። እናቴ "በስመ አብ! ሽንኩርቱን?" ብላ አማተበች። ነጭ ሽንኩርት ሲጨመር "ጳጳሱ ገባ" ይላሉ፤ እሱን አልተረጎምኩም።

እኔ ደብተር ይዣለሁ። ማውማውን "ቀይ በርበሬው ስንት ማንኪያ ነው?" አልኳቸው። "እስኪበቃው" አሉ። ማውማው ደግሞ የዶሮ ወጥ ነገር ሲነሳ በርበሬው ስንት እንደሚገባ እናቴን አስጠየቋት። "እንደ እጃቸው" አለች። ሁለቱም የመለኪያ ማንኪያዬን አዩና ሳቁ። አንድ ቃል የማይግባቡ ሰዎች እኔ ላይ ሲሆን እንዴት እንደተግባቡ!

ስንወጣ ማውማው ጋምቦ በትልቅ ዕቃ ጨለፉልን። ደግሞ ተመልሰው ገቡና የሳሳፍራሱን ዱቄት በትንሽ ላስቲክ አምጥተው "ላንያፕ!" አሉ። ሉዊዚያና ውስጥ ነጋዴ ከልኩ በላይ ጣል ሲያደርግ ላንያፕ ይላሉ። እናቴ ትርጉም አልጠበቀችም። "ምርቃት ነዋ!" አለችና ከቦርሳዋ ግማሽ ኪሎ በርበሬ አወጣች። ለምን ይዛው እንደመጣች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

እናቴ ወደ አገር ቤት ከተመለሰች በኋላ የቅመም መደርደሪያዬን ከፈትኩ። ጠርሙሶቹ ላይ ሁሉ ፕላስተር ለጥፋ በእጇ ጽፋባቸዋለች። አንዱ "በርበሬ" ይላል። አንዱ "ሚጥሚጣ"። የእኔው ላይ "በርበሬ አይደለም" ይላል። አንስቼ ከፈትኩት። ግማሹ የለም።