ሳጥኑ ሞልቷል፤ ማን ያራግፈው?

ሰው ከቢሮ ሲለቅ ወንበሩ በሳምንቱ ይወሰዳል። የቮይስሜል (የድምፅ መልእክት) ሳጥኑ ግን ባለቤት አልባ ሆኖ ዓመት ሙሉ መልእክት ሲያጠራቅም ይኖራል። አስተሪስክ በሚባለው የቢሮ ስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌር ላይ ልኩ ካልተቀየረ አንድ ማህደር የሚይዘው 100 መልእክት ነው፤ 101ኛው ደዋይ ምንም መተው አይችልም። ከዚያ «ስልካችሁ አይሠራም» የሚለው ስሞታ ቴክኒሻኑ ላይ! ስልኩማ ይሠራል። የሰው ኃይል ክፍሉ «እገሌ ለቋል» ብሎ አንዲት መስመር ቢጽፍ ምን ነበረበት?

«በኢሜይል ይላክልኝ» ባዩም አለ። ይሁን። ግን «ከተላከ በኋላ ይሰረዝ» የሚለውን አብሮ ማብራት ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ኢሜይሉን ማጣሪያ ከዋጠው መልእክቱ ሰርቨሩም ላይ የለም። የባሰው ደግሞ ድምፁን ከኢሜይሉ ጋር ማያያዝ ተዘግቶ መሰረዙ ብቻ ሲበራ ነው፦ «መልእክት አለዎት» የሚል ማስታወቂያ ይደርሳል፣ መልእክቱ ግን ጠፍቷል። በዚያ ላይ ዋቭ የሚባለው ተራው የድምፅ ፋይል በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል፤ ጂኤስኤም በሚባለው ዘዴ የታመቀው የዚያን አንድ አሥረኛ ነው። ድምፁ ትንሽ ይሻክራል እንጂ ይሰማል።

ስልኩ ላይ ያለው የመልእክት መብራት ነገርማ አይነሳ። መልእክት እያለ ካልበራ፣ ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ ላይ በስልኩ መዝገብ የተጻፈው የሳጥን ቁጥር ወይም ከ@ በኋላ ያለው የሳጥኑ ምድብ ስም ከሳጥኑ ጋር ስላልገጠመ ነው። ስልኩን አሥር ጊዜ ነቅሎ መሰካት አያበራውም።

የይለፍ ቁጥሩስ? ኤክስቴንሽን (የውስጥ ስልክ ቁጥር) 214፣ የይለፍ ቁጥርም 214! ከሳጥኑ ወደ ውጭ መደወል ከተፈቀደ ደግሞ ቁጥሩን የገመተ ሌባ የባሕር ማዶ ጥሪውን በቢሮው ሂሳብ ያወራርዳል።