ኮከብ ቆጣሪዎቹና ልጆቹ

እዚህ ቴክሳስ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ጠረጴዛ ላይ ከተደረደሩት ኮፍያዎች አንዱን አንስቶ ጭንቅላቱ ላይ ሲያደርግ፣ የልጅ ልጅ ያየ ሽማግሌ ከሶፋው ዘሎ ይነሳል። ልጁን አያውቀውም። ዘመዱም የሰፈሩ ልጅም አይደለም። ያስጨፈረው ኮፍያው ላይ ያለው የዩኒቨርሲቲ አርማ ነው። ልጁ አጠገቡ ያለውን ሌላ ኮፍያ ቢያነሳ ኖሮ፣ ያው ሽማግሌ «ድሮም እግሩ ከባድ ነው» ብሎ ቴሌቪዥኑን ይዘጋ ነበር።

ነገሩ የኮሌጅ ፉትቦል ምልመላ ነው። ፉትቦል ስል በእጅ የሚያዘውን፣ ሄልሜት አድርገው የሚላተሙበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ማለቴ ነው። የሃይስኩል ተጫዋቾች ለየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚጫወቱ የሚፈርሙበት ቀን አለ። ድሮ ፌብሩዋሪ ሲገባ በመጀመሪያው ረቡዕ ነበር። ከ2017 ወዲህ ዲሴምበር ላይም ስለተጨመረ ዋናው ግርግር ያኔ ያልቃል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ ያለዚያ ለኔም ይምታታብኛል።) የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የትምህርት ቤት ጂምናዚየም ውስጥ ካሜራ ተክለው ይውላሉ። እናት በአንድ በኩል፣ አሰልጣኝ በሌላ በኩል፣ ኮፍያዎቹ መሃል።

የምኖረው ዳላስ አካባቢ ነው። ዓርብ ማታ መንገዱ ሲጨናነቅ አዲስ ሰው አደጋ የደረሰ ይመስለዋል። የሃይስኩል ጨዋታ ነው። ወደ ሰሜን ትንሽ ሲነዳ አለን የምትባል ከተማ አለች። የብቸኛው ሃይስኩሏ ስታዲየም 18 ሺህ ሰው ይይዛል። በ2012 ሲከፈት 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ኮንክሪቱ ተሰነጣጥቆ ተዘግቶ ነበር፤ የኮንትራክተር ጣጣ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያም ሆኖ ጠገኑት፣ ሰዉም ተመለሰ። የኛ ብሔራዊ ቡድን ደግሞ ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም አጥቶ «በሜዳው» የሚጫወተውን ጨዋታ ለዓመታት ሰው አገር ሲያደርግ ኖሯል። ይህን ለአሜሪካኖች ስነግራቸው አያምኑኝም።

ልጆቹን የሚመዝኑ ድርጅቶች አሉ፤ ቱ ፎርቲ ሰቨን ስፖርትስ፣ ኢኤስፒኤን፣ ሪቫልስ የሚባሉ። ቁመት፣ ክብደት፣ ፍጥነት፣ የጨዋታ ቪዲዮ ያዩና ኮከብ ይሰጣሉ። ትልቁ አምስት ነው። ቱ ፎርቲ ሰቨን በየዓመቱ አምስት ኮከብ የሚሰጠው ለ32 ልጆች ገደማ ነው። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ በመጀመሪያው የምርጫ ዙር የሚወሰዱት 32 ናቸውና ከዚያ ጋር እንዲገጥም ነው። እንግዲህ ልጁ ጺሙ በቅጡ ሳይበቅል የዛሬ አራት ዓመት ሚሊየነር እንደሚሆን ተጽፎለታል ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ኮከቦቹ ውሸት አይደሉም። አምስት ኮከብ ያለው ልጅ ኤንኤፍኤል የመድረስ ዕድሉ ሦስት ኮከብ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዋንጫ የሚበሉትም ባብዛኛው ጥሩ የመለመሉት ናቸው። ጣጣው ቲፎዞው ግምቱን እንደ ቃል ኪዳን መቁጠሩ ነው። ከአሥሩ ስድስቱ ቢሳካላቸው እንኳ አራቱ ቀሩ ማለት ነው። ቲፎዞ ግን የሱ ቡድን ያስፈረመው ልጅ ከአራቱ አንዱ ይሆናል ብሎ ጨርሶ አያስብም።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰውዬ አለ፤ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ። ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ያሉ ልጆችን በስም፣ በቁመት፣ በኪሎ ይጠራል። የገዛ ልጁን አስተማሪ ስም ብትጠይቁት ግን ስልክ አውጥቶ ሚስቱ ጋ ይደውላል። አርች ማኒንግ የሚባለውን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ከሱ ነው።

የአርች አያቱም ሁለቱ አጎቶቹም የኤንኤፍኤል ኳርተርባክ ነበሩ። ኳርተርባክ ማለት ኳሱን የሚወረውረው፣ ቡድኑን የሚመራው ሰው ነው። ፔይተንና ኢላይ የሚባሉት አጎቶቹ የሊጉን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ሁለት ሁለት ጊዜ አንስተዋል። ልጁ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ለአንድ ትንሽ የግል ትምህርት ቤት እየተጫወተ አገር ምድሩ ያውቀው ነበር። ጁን 2022 ላይ ኦስቲን ያለውን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲን መረጥኩ ሲል ባልደረባዬ ሥራ ቦታ ዶናት ይዞ መጣ።

ከዚያ ልጁ ሁለት ዓመት ባብዛኛው ተቀመጠ። ከፊቱ ኩዊን ዩዋርስ ነበር፤ እሱም በተራው የአገሪቱ ቁጥር አንድ ምልምል የተባለ ልጅ። ዩዋርስ ቡድኑን ሁለት ዓመት በተከታታይ ለብሔራዊው ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ አድርሷል። ሆኖም ኳስ በሳተ ቁጥር «አርች ይግባ!» ነው። ሜዳ ላይ ያለው ልጅ ከተጋጣሚው ሌላ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ምንም ካላጠፋ ልጅ ጋር ይወዳደራል። ተጠባባቂ ደግሞ አይሸነፍም።

2025 ላይ የአርች ተራ ደረሰ። አንድም ጨዋታ ሳይደረግ ቡድኑ ጋዜጠኞች ድምፅ በሚሰጡበት የአሶሺየትድ ፕሬስ ሰንጠረዥ ቁጥር አንድ ሆነ። ከውድድር ዘመኑ በፊት እንዲህ ሲባል በዩኒቨርሲቲው ታሪክ የመጀመሪያው ነው። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚወስደውን የሃይዝማን ዋንጫም ለአርች አስቀድመው የሸለሙት ብዙ ነበሩ። ኦገስት 30 ኦሃዮ ስቴት ሜዳ ሄዱና 14 ለ 7 ተሸነፉ። ዓርብ ዕለት «የትውልዱ ምርጥ» ያለኝ ባልደረባዬ፣ ማክሰኞ ሥራ ስንገባ «ስሙ ነው ያስገባው» አለኝ። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ቡድኑ እስከዚያ ያልተሸነፈውን ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን 27 ለ 17 ሲረታ ደግሞ «ብዬ ነበር!» አለ። ምን ብሎ እንደነበር አልጠየቅኩትም።

ኮከብ ቆጣሪዎቹ ያለፏቸውም አሉ። ጆሽ አለን ካሊፎርኒያ ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ የወጣ ልጅ ነው። ሃይስኩል ሲጨርስ አንድም ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አልፈለገውም። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገባ፣ ለአሰልጣኞች ኢሜይል ሲልክ ከረመ፣ በመጨረሻ ዋዮሚንግ ተቀበለው። በ2024 የውድድር ዘመን የኤንኤፍኤል ኮከብ ተጫዋች እሱ ነበር። ካም ዋርድ እዚሁ ቴክሳስ ያደገ ነው። ስኮላርሺፕ የሰጠው አንድ የሳን አንቶኒዮ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2025 የኤንኤፍኤል ምርጫ (ድራፍት የሚሉት) ከሁሉም ቀድሞ የተመረጠው እሱ ሆነ። ቲፎዞ እንዲህ ያለውን ታሪክ ይወዳል፤ የሚወደው ግን ካለቀ በኋላ ነው። የሱ ቡድን ኮከብ የሌለው ልጅ ሲያስፈርም «አሰልጣኙ ይባረር» ይላል።

እስከ 2021 ድረስ በዚህ ሁሉ ገበያ ገንዘብ የማያገኘው ልጁ ብቻ ነበር። አሰልጣኙ በሚሊዮን ይከፈለዋል፣ ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ይሸጣል፣ ዩኒቨርሲቲው ማልያ ይሸጣል። ልጁ ነፃ ትምህርት፣ ማደሪያና ምግብ ያገኛል፣ አለቀ። ጁላይ 2021 ላይ በስማቸውና በምስላቸው እንዲሠሩበት ተፈቀደላቸው። ጁን 2025 ላይ ደግሞ አንዲት ዳኛ ባጸደቀችው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ለአትሌቶቻቸው፣ በመጀመሪያው ዓመት እያንዳንዳቸው እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ማከፋፈል ቻሉ። ደግ አደረጉ እላለሁ። ጉልበቱ የልጁ፣ ጉልበቱ ላይ የሚቀረው ሕመምም የልጁ ነው።

ብቻ ከገንዘቡ ጋር አንድ ነገር አብሮ ሄደ። ድሮ አንዱ ልጅ ኳስ ሲያመልጠው ቢያንስ አንድ ሰው «ተዉት እንጂ፣ ልጅ እኮ ነው» ይል ነበር። አሁን መልሱ «ስንት እንደሚከፈለው ታውቃለህ?» ሆኗል። ከተከፈለው በኋላ ልጅነቱ አይቆጠርለትም። ብራይስ አንደርውድ ለሉዊዚያናው ዩኒቨርሲቲ ለኤልኤስዩ ቃል ገብቶ ወራት ከቆየ በኋላ ኖቬምበር 2024 ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ትውልድ ግዛቱ ሚሺጋን ዞረ። ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛል ተብሎ ተወራ። በሚቀጥለው ዓመት ገና 18 የሞላው ልጅ ከ107 ሺህ በላይ ሰው በሚይዝ ስታዲየም መሃል ቆሞ ነበር። በኛ ስሌት የዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ነው፤ የምግብ ካርዱን የት እንደጣለው የሚፈልግበት ዕድሜ።

ገንዘቡ ሳይመጣም ቢሆን ጉጉቱ ለብቻው ሰው ያሳብድ ነበር። በ2008 ኔቫዳ ውስጥ ፈርንሊ በምትባል ከተማ አንድ ግዙፍ ልጅ በተማሪው፣ በመምህራኑና በካሜራ ፊት ኮፍያዎቹን ደረደረ። አንዱ የኦሪገን፣ አንዱ የካሊፎርኒያው በርክሌይ። በርክሌይን መረጠ። ጂምናዚየሙ በጭብጨባ ተናጋ። ከቀናት በኋላ ግን ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ፈጽሞ እንዳልመለመሉት ታወቀ። ሁሉን ነገር ፈጥሮት ነው። አገር ሳቀበት። እኔ ግን ሳስበው፣ ትልልቅ ሰዎች የደገሱት ድግስ ላይ ያልተጠራ ልጅ ራሱን ጠራ።

እኛስ? እንግሊዝ ውስጥ ለአንድ ክለብ አንድ ብራዚላዊ ፈረመ ሲባል ዲኤስቲቪ ቤት የሚፈጠረውን ታውቁታላችሁ፣ አልገባበትም። የኛ ዋናው ኮከብ ቆጠራ ያለው ሩጫ ላይ ነው። ቁመትና ፍጥነት የሚለካ ድርጅት አያስፈልገንም፣ አንድ ውድድር ይበቃናል። አንድ ልጅ የወጣቶች ሻምፒዮና አሸንፎ ሲመጣ በማግስቱ «ቀጣዩ ቀነኒሳ» ነው። ዮሚፍ ቀጀልቻን አስታውሱ። በ2013 ከ18 ዓመት በታች፣ በ2014 ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ስሙ ያኔውኑ ተጻፈለት። ከዚያ በኋላ በ2016ና በ2018 በ3,000 ሜትር የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በ2019 የቤት ውስጥ ማይል ክብረ ወሰን ሰብሯል። በ2024 ቫሌንሲያ ላይ ግማሽ ማራቶንን በ57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሽሏል። በ10,000 ሜትር ዶሃ 2019 ላይ ብር፣ ቶኪዮ 2025 ላይም ብር። ሌላ አገር ቢሆን በስሙ መንገድ ይሰየምለታል። እኛ ሰፈር ግን ወሬው «መጨረሻ ላይ እኮ ይቀደማል» ነው። ሰውዬው ራሱን ሆኖ የሮጠውን ሩጫ ሁሉ የምንለካው ሌላ ሰው በሮጠው ነው።

ሯጭ ሲሸነፍ የሚቀርብበትን ክስ ደግሞ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። «ሕንፃ ሠራና ሩጫውን ረሳው።» ዳላስ ውስጥ «ስንት እንደሚከፈለው ታውቃለህ?» ሲሉ ስሰማ ወዲያው የመጣብኝ ይሄ ነው። ቋንቋው ይለያይ እንጂ ክሱ አንድ ነው። ቲፎዞ ያሰበው ካልሞላ ጥፋቱን የሚፈልገው ልጁ ኪስ ውስጥ ነው። በቆጂ ያደገ ልጅ ሕንፃ ቢሠራ ምን ያስደንቃል? የሩጫ ዕድሜ አጭር ነው። ነገ ጅማቱ ቢበጠስ ያ ሁሉ የጮኸ ሰው ወጥቶ የቤት ኪራይ አይከፍልለትም።

ልዩነትም አለ። እኛ ጋ ገንዘቡ የሚመጣው ካሸነፍክ በኋላ ነው። እዚህ ለተስፋው ይከፈላል። «ላም አለኝ በሰማይ» የምንለው ተረት እዚህ አይሠራም፤ በሰማይ ላለችው ላም ወተት ቀብድ ይሰጣሉ። አንዳንዴ ቀብዱም የውሃ ሽታ ይሆናል። አንድ የካሊፎርኒያ ኳርተርባክ በ2022 ለፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሲፈርም 13.85 ሚሊዮን ዶላር ውል ነበረው። ገንዘቡ ሳይመጣ ቀረ። ልጁ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ በ2024 ፍርድ ቤት ሄደ።

ከሁሉ በላይ የምቀናባቸው ግን በመውጫው ነው። ከ2018 ጀምሮ ትራንስፈር ፖርታል የሚሉት አሠራር አላቸው። ያልተሳካለት ልጅ ስሙን እዚያ ያስገባና ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይፈልጋል። ካም ዋርድ አንደኛ ሆኖ እስኪመረጥ ሦስት ዩኒቨርሲቲ ተዘዋውሯል። ቲፎዞው «ከሃዲ» ብሎ ይራገማል፤ በሳምንቱ ራሱ ከሌላ ቡድን ሸሽቶ ለመጣ ልጅ ማልያ ይገዛል። የኛ ሯጭ ግን የሚቀይረው ቡድን የለውም፤ ያለው አገር ነው። በ10,000 ሜትር አገር ወክለው የሚገቡት ሦስት አራት ናቸው። ከነሱ ቀጥሎ ያለው ሌላ አገር ቢወለድ አንደኛ ይሆን ነበር። ስለዚህ መውጫው ፓስፖርት ይሆናል። ማርያም ዩሱፍ ጀማል አርሲ ተወለደች፣ በስዊዘርላንድ በኩል አድርጋ ለባሕሬን ሮጠች፣ በ2007ና በ2009 በ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ያኔ ሻይ ቤት የሰማሁት ክርክር ትዝ ይለኛል። አንዱ «የኛው ደም ናት» ብሎ ያጨበጭባል፣ ሌላው «ሸጣን ሄደች» ይላል። አርሲ ውስጥ ስትሮጥ ስሟን አውቅ ነበር ያለ ግን ከሁለቱም ወገን አልሰማሁም።