የልጄ ትንፋሽ ፈቃድ አይጠብቅም
ዛሬም የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ «የጤና መድኑ ይህን የአስም መድኃኒት ከሚከፍልላቸው ዝርዝር አውጥቶታል» ብላ ባዶ እጄን መለሰችኝ። ልጄን ለወራት ያለ ሳል ያስተኛው ይኸው በየቀኑ የሚሳበው ስቴሮይድ ነበር። ትንፋሽ ሲያጥር የሚሳበው ሳልቡታሞል የጠበበውን የአየር ቧንቧ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ቢከፍትም ከሥሩ ያለውን ብግነት (የቧንቧውን መቆጣትና ማበጥ) አያክምም፤ ብግነቱን የሚያበርደው ስቴሮይድ ደግሞ ሙሉ ውጤቱን የሚያሳየው ሳይቋረጥ ሲወሰድ፣ ያውም ከሳምንታት በኋላ ነው። ታዲያ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት፣ ልጁን አይቶት የማያውቅ የመድን ሠራተኛ እስኪፈቅድ ድረስ እንዴት ይቋረጣል? ገንዘብ ያለው ወላጅ ከኪሱ ከፍሎ ይወስዳል፤ እኛ የመድኑን የፈቃድ ደብዳቤ እንጠብቃለን። መከላከያውን የከለከለ መድን፣ ልጁ ሲታፈን የድንገተኛ ክፍሉን የከበደ ወጪ ይከፍላል። ይህ ምን ዓይነት ቁጠባ ነው? ትናንት ልጄ ትንፋሽ አጥሮት ሌሊቱን ተቀምጦ አነጋ።