በአንዲት ዳሽ የተነሳ ክርክር

ሁለት ባልደረቦቼ ማኪያቶ ላይ ተያያዙ። የጠቡ መነሻ አንዱ የሠራት ትንሽ የተርሚናል ፕሮግራም (ትእዛዝ እየተጻፈላት የምትሠራ) ናት። የስልክ ዝርዝር ትቀበላለች፣ በ0 የሚጀምረውን ቁጥር ወደ +251 ትቀይራለች፣ ውጤቱን ስክሪን ላይ ትደረድራለች። በቃ።

"እዛው ፋይል ላይ መልሳ እንድትጽፍ ዳሽ ኦ (-o) የሚባለውን አማራጭ ጨምርላት" አለችው።

"ምን ጎደለሽ? በቀስቷ (>) ወደ ሌላ ፋይል ላኪው፣ ከዛ ስሙን ቀይሪው። ሁለት ትእዛዝ ናት።"

"ሁለቱንም በየቀኑ የምጽፈው እኔ ነኛ!"

እሱ ወደ ጥንቱ ወሰደን። ዩኒክስ ለሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ፓይፕን (የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው ማቀበያውን) ያመጣው ዳግ ማኪልሮይ በ1978 እ.ኤ.አ. የጻፈውን አነሳ፦ አንድ ፕሮግራም አንድ ሥራ በደንብ ይሥራ፤ አዲስ ሥራ ሲመጣ አሮጌው ላይ አይለጠፍ። "ዛሬ ዳሽ ኦ፣ ነገ ቀለም፣ ከነገ ወዲያ ኤክሴል። ኤልኤስን (ls) እስቲ እዪው! ፋይል ለመዘርዘር ብሎ ለአማራጮቹ ፊደል ሊጨርስ ነው።" እዚህ ላይ እንኳ አልዋሸም።

እሷ መልስ አልሰጠችም። ላፕቶፗን ከፍታ የዝርዝሩን ኮፒ አመጣች፣ ቀስቷን ወደዛው ፋይል ጠቆመችና ኢንተር አለች። ዜሮ ባይት። "ሰኞ ዕለት ይሄ ኮፒ አልነበረም" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀስቷን የሚያነባት ሼሉ፣ ማለትም የምንጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ነው። ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ ፋይሉን ሊጽፍበት ይከፍታል፤ ሲከፍተው ደግሞ ባዶ ያደርገዋል። ፕሮግራሙ ሲደርስ የሚነበብ የለም። ዝርዝር በቅደም ተከተል የሚያስቀምጠው ሶርት (sort) ግን ዳሽ ኦ አለው። ሁሉንም አንብቦ ሳይጨርስ ስለማይጽፍ፣ መግቢያውና መውጫው አንድ ፋይል ቢሆን ግድ የለውም።

"እሱማ የሼሉ ጥፋት ነው" አለ ልጁ።

"እሺ፣ ቁጥራቸው ለጠፋብኝ ደንበኞች ደውለህ ንገራቸዋ!"

እኔ ለእሷ ፈረድኩ። ጣት ለማሳረፍ ብቻ ቢሆን ከእሱ ጋር እቆም ነበር፤ ለዛ አልያስ (ለረጅም ትእዛዝ የሚሰጥ አጭር ስም) አለላት። ይሄ ግን ሰው ሁሉ የሚወድቅበትን ጉድጓድ መድፈን ነው። ግን ልጁ ሲጨምረው በአቋራጭ እንዳይሆን። መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ይጻፍ፣ ሲያልቅ በዋናው ስም ይተካ፤ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ አሮጌው ይተርፋል።

ቀለሙን በተመለከተ ግን ከእሱ ጋር ነኝ። ቀለም የጠየቀው ሰው ባይኖርም።